ወንበራችንን ይዘን እንነሣ

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ እኩዮቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ በ57 ዓመቴ፣ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ይዤ አጎነብሳለሁ፤ ጣቶቼ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሳይደርሱ ወገቤ ቀጥ አድርጎ ይይዘኛል። በመጨረሻ ልጄ መጥታ ተንበረከከችና አጠለቀችልኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ያ ዝምታዋ ብዙ ቀን ከእኔ ጋር ሰነበተ።

በዋሺንግተን ጎዳናዎች ለ26 ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ኑሮውን ታውቁታላችሁ፤ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መዋል፣ ቀኝ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን፣ ትከሻ ወደ መሪው እንደ ጎበጠ። ሐኪሜ «ዮጋ ሞክር» ሲለኝ ቅር አለኝ። የወጣት ሴቶች ነገር ይመስለኝ ነበር። ደግሞም «እኔ ደረቅ ነኝ፣ አልተጣጠፍም» አልኩት። ዛሬ ይህንኑ የሚለኝን ወንድሜን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንደ ልቡ የሚተጣጠፍ ሰውማ ምን ፍለጋ ይሄዳል?

ሕንዳዊው የዮጋ መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ የተፈራረቁባቸው ሰው ነበሩ። በ2014 ሲያርፉ 95 ዓመታቸው ነበር። ሰውነቱ እሺ ላላለው ተማሪ ቀበቶ፣ የእንጨት ጡብና ተራ ወንበር ያቀርቡለት ነበር። እኔም የጀመርኩት በወንበር ነው፤ መሬት ላይ ለመቀመጥ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

በእኛ ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሚዛን፣ ማለትም ሳይወድቁ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። በብራዚል ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 የሆነ 1,702 ሰዎች በአንድ እግር ለ10 ሰከንድ እንዲቆሙ ተጠይቀው ከአምስቱ አንዱ ያህል አልቻለም። በተከታዮቹ ዓመታት ካልቻሉት መካከል የሞቱት በመቶኛ ሲሰላ ከቻሉት ልቀው ተገኙ። አለመቆም በራሱ ይገድላል ማለት አይደለም፤ ሰውነት ቀድሞ የሚያሰማው ደወል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል።

ትንፋሽም አለ። አየር ከምናስገባበት ይልቅ የምናስወጣበትን ጊዜ ስናረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። የደም ግፊት ያለባችሁ ግን መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ወደ ታች የሚደፋበትን አቋቋም አይሞክር፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል።

የሃይማኖቱንም ጉዳይ በግልጽ እንነጋገር። ዮጋ የበቀለው ከሕንድ የእምነት አፈር ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። እኔ የወሰድኩት የአካሉን እንቅስቃሴና አተነፋፈሱን ነው፤ ጸሎቴ የቀድሞው ጸሎቴ ነው። ልቡ የሚጠራጠር የንስሐ አባቱን፣ ፓስተሩን ወይም ሼሁን ይጠይቅ፤ ማንም ኅሊናውን ተጭኖ እንዲመጣ አልፈልግም።

አሁን ተነሡና ከወንበራችሁ ኋላ ቁሙ። መደገፊያውን በሁለት እጃችሁ ያዙ። ጉልበቱን የሚያመው ተቀምጦ ተረከዙን ብቻ ያንሣ። ሌሎቻችን ግራ እግራችንን ተክለን ቀኙን ከወለሉ ጥቂት እናንሣ። ዓይናችሁን ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ አሳርፉ፤ ትንፋሻችሁን አትያዙ። እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አንድ…