ከመሶብ ወደ ፌስታል፦ ለጅማ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የእድር ዳኞች፣ ወጣቶች፣ ቆሻሻ በመሰብሰብ የምታገለግሉን የጽዳት ማኅበራት አባላት፣ እንደምን አደራችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም! አካም ቡልተኒ!

ዛሬ የማወራችሁ በየቤታችን ስለሚደፋው ምግብ ነው። አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ሁለት የሻገተ እንጀራ፣ አንድ እፍኝ የድንች ልጣጭ። ለየብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ ልጣጭና አጥንትን ጨምሮ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በዓለም ላይ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። ከሆቴሉም ከሱቁም ይበልጣል ማለት ነው።

«ይሄ የሀብታም አገር ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። ሪፖርቱ ግን እንደዚያ አይልም። በሀብታምና በመካከለኛ ገቢ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በነፍስ ወከፍ በዓመት 7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

የሚባክነው ምግብ ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ ከ8 እስከ 10 በመቶ ድርሻ አለው። ከአውሮፕላን በረራ ከሚመጣው አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንዴት አትሉም? አንደኛው ምክንያት ምግቡ መሶባችን ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። አንድ እንጀራ ስንጥል የታረሰውን መሬት፣ የተዘራውን ማዳበሪያ፣ ጤፉን ያመጣውን መኪና ነዳጅ፣ የነደደውን ማገዶ አብረን እንጥላለን። ማገዶው ደግሞ የዚሁ የዙሪያችን ዛፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከጣልነው በኋላ ያለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ክረምት ላይ አፉ ታስሮ ጥግ የተቀመጠ ፌስታል በሦስተኛው ቀን ፈታችሁ ታውቃላችሁ? ሆዱ ተነፍቷል። ከታች ጥቁር ውሃ ቋጥሯል። ፊት የሚመታ ሽታ አለው። ይህ ፌስታል ሄዶ ትልቅ ክምር ስር ሲቀበር አየር አያገኝም። አየር የሌለበት ምግብ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። የሸተተን እሱ እንዳይመስላችሁ፤ ሚቴን ሽታም ቀለምም የለውም። ግን በ100 ዓመት ሲታሰብ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ይበረታል። በ20 ዓመት ሲታሰብ ደግሞ ከ80 እጥፍ ያልፋል። አንድ ተስፋ አለ። ሚቴን ሰማይ ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ነው። ዛሬ ብንቀንሰው ለውጡን ልጆቻችን ብቻ ሳይሆኑ እኛም እናየዋለን።

ወንዝ ውስጥ መጣሉም አያዋጣም። አዌቱ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤ ይገባል። ምግብ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ በውሃው የሚኖረው ይታፈናል። ከታች ያለውም ሕዝብ ያንኑ ውሃ ነው የሚጠቀመው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ኮምፖስትን፣ ማለትም ትራፊውን አብላልቶ ማዳበሪያ ማድረግን፣ አላስቀድምም። የሚበልጠው ምግቡ ቆሻሻ እንዳይሆን ማድረግ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ እርጥበቱ እንጀራ አያስቀምጥም። ስለዚህ ለሳምንት ከመጋገር ለሦስት ቀን መጋገር ይሻላል። እንጀራው ሳይቀዘቅዝ አይደራረብ፤ ላቡ ነው የሚያሻግተው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው። የትናንቱን እንጀራ ቆራርሳችሁ እዚያ ላይ በትኑት። ፀሐይ ባይወጣም ድርቆሽ ይሆንላችኋል። የሻገተውን ግን አታድርቁት፤ ለላምም አትስጡት። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው፤ ወደ ወተቱም ያልፋል።

የድግስ ነገርም አለ። እንግዳ ማክበር ጌጣችን ነው፤ እሱ አይነካም። ግን ወጡን ሁሉ ትሪ ላይ ከመገልበጥ በሳህን አቅርቦ እያዩ መጨመር ክብር አይቀንስም። ትሪ ላይ የተነካካ ምግብ ለነገ አይሆንም። በሳህን የቀረው ግን ለእራት ይደርሳል። ይህን የምለው ለእናቶች ብቻ አይደለም። «ምነው ወጡ አነሰ?» እያልን ጫና የምንፈጥረው እኛ ወንዶች ነን። እኛው እንተው።

ልጣጩና አተላው መቼም አይቀርም። ግቢ ያላችሁ ኮምፖስት ሥሩ። እዚህ አገር የቡና ገለፈት ሞልቷል፤ ብዙ ቦታ ዝም ብሎ ተከምሮ ይበሰብሳል። እርጥቡን የወጥ ቤት ትራፊ ከደረቅ ገለፈት ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩ። ደረቁ ይብዛ። በየሳምንቱ በአካፋ ገልብጡት። መገልበጡ አየር ያስገባል፤ አየር ከገባ ሚቴኑ በጣም ይቀንሳል። ከሸተተ ርሷል ማለት ነውና ገለፈት ጨምሩ። ሲበስል ጥቁርና ፍርክስ የሚል ይሆናል። ለጎመኑም ለቡናውም እግር ይሆናል።

ግቢ የሌላችሁ ሁለት ዕቃ አዘጋጁ። አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለላስቲክና ለሌላው። ጋሪ እየገፉ የሚመጡት ወጣቶች ያንን የተቀላቀለ ፌስታል በእጃቸው ነው የሚለዩት። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውብናል። ብዙዎቹ እዚያው ክምር አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ። በየቤቱ ቢለይ ወደ ክምር የሚሄደው በጣም ያንስ ነበር።

የከተማችንን አስተዳደርም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እኛ ለይተን ብናወጣ መኪናው መልሶ አንድ ላይ ከደባለቀው ሕዝቡ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ለእርጥቡ የተለየ ቀን ይመደብ፤ ኮምፖስት ለሚያዘጋጁ ማኅበራትም ቦታ ይሰጥ። እድሮቻችን ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባቸው የሁለቱን ዕቃ ጉዳይ አጀንዳ ያድርጉልን።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።