ሽፋኑን አትጣሉት

የተከበራችሁ የሸክላ ሰብሳቢዎች ማህበራችን አባላት፣ ጋሼዎቻችን፣ እትዬዎቻችን፣ ሌሊት ተነስታችሁ ከአዳማና ከሐዋሳ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ብትሄዱ ሀገር ፍቅር ቴአትርን ታገኛላችሁ። ቁልቁል ብትወርዱ ብሔራዊ ቴአትርን ታገኛላችሁ። እንደ ዓይናችን ብሌን የምንጠብቃቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች የሠሩልን ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሳክስፎናቸውንና ትራምፔታቸውን ይዘው በዚህ መንገድ ወጥተዋል፣ ወርደዋል። ስለዚህ ኪራዩ ቢወደድብንም እዚህ መሃል ከተማ መሰብሰባችን ደስ ይለኛል።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ከሻይ በኋላ ታቀርበዋለች። መዋጮ ያልከፈላችሁ እሷን አነጋግሯት። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ሸክላ ሽፋን።

ከሃያ ዓመት በፊት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አንድ ካርቶን ሸክላ ገዛሁ። ባለ 45 ናቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ፣ ሠላሳ ምናምን ይሆናሉ። የወረቀት ሽፋናቸው ሻግቷል። አንዳንዱን አይጥ በልቶታል። የላምባ ሽታም ነበራቸው። ቤት ወስጄ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጠብኩ። በንጹህ ጨርቅ አደረቅኩ። አዲስ ላስቲክ ውስጥ ከተትኳቸው። ሽፋኖቹን በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ያን ቀን ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ቤቴ መጡ። ቡና ተፈልቶ ሸክላ እያዞርን ነው። አንዱን አንስተው መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አዩት። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች ትንሽ ፊርማ አለች። እኔ ከቁም ነገር ቆጥሬያት አላውቅም። «ይሄ የጓደኛዬ ሸክላ ነው» አሉ። ቀጥለው «ሽፋኑስ?» አሉኝ። ጣልኩት አልኳቸው። ዝም አሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ነው የነገሩኝ። ያ ጓደኛቸው በየቀረጻው የነበሩትን ሰዎች ስም ሽፋኑ ላይ ይጽፍ ነበር። ትራምፔት እገሌ፣ ሳክስ እገሌ፣ ድራም እገሌ እያለ። እሱ ራሱ ተጫዋች ስለነበር ያውቃል። እኔ ያን ሁሉ ስም ነው የጣልኩት። እሳቸው የቻሉትን ያህል አስታውሰው ነገሩኝ። የአራት ሸክላ ብቻ ነው የሞላልን። ዛሬ እሳቸውም በሕይወት የሉም።

ይህን የማነሳው ልባችሁን ለማሳዘን አይደለም። አሁንም በየቤታችን ይህ ነገር እየተደረገ ስለሆነ ነው።

የኛን ሸክላ ታውቁታላችሁ። ክቡ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ይኖራል። የዘፈኑ ርዕስ ይኖራል። ቁጥር ይኖራል። ዕድለኛ ከሆንን የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም ይጨመራል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ገብቶ ልባችንን የሚያርደው ሳክስፎን የማን ነው? አልተጻፈም። ጃዝ የሚወድ ሰው ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፈረንሳዊው ሻርል ደሎኔ እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ጃዝ ሸክላዎችን ከተጫዋቾቹ ስምና ከቀረጻው ቀን ጋር ዘርዝሮ አሳትሟል። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘጠና ዓመት ሙሉ በዚያ ላይ እየጨመሩ ነው የሄዱት። እኛ ገና ነን።

የኛ የሸክላ ዘመን ደግሞ አጭር ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማህበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ደፍሮ ጣሰ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ቤይሩት እያሳተመ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አልበሞች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ የ1974ቱ የኢትዮ ጃዝ አልበም ከእነዚያ አንዱ ነው። ከዚያ አምሃ ተሰደደ። አሊ ታንጎ በካይፋ ሬከርድስ ሥራውን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጣና ሸክላው አለቀ። ሁሉም ነገር ተደምሮ አሥር ዓመት ገደማ ነው። አሥር ዓመት የሞላውን ሥራ ያየ፣ የሠራ፣ የቀረጸ ሰው ደግሞ እየተለየን ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ በ2016 ሄደ። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 ሄዱ። የቀሩት አረጋውያን በእጅ ጣት የሚቆጠሩ እየሆኑ ነው።

አሁን ተቀርጸው ሳይታተሙ ስለቀሩ ቅጂዎች ላውራ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚያ እንደሆነ አውቃለሁ።

አሜሪካዊዎቹ የጃዝ ሙዚቀኞች፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክና ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን፣ በኅዳር ወር 1957 ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ አብረው ተጫወቱ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ (ቪኦኤ) ቀረጸው። የተቀረጸበት የቴፕ ክር በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ወደ አርባ ስምንት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ማንም አልሰማውም። በ2005 ላሪ አፕልባም የተባለ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ አሮጌ ክሮችን ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ እያዘጋጀ ነበር። አንዱ ካርቶን ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር አየ። «ቲ. መንክ» ይላል። ያ ነው ያስቆመው። አንድ ያልታወቀ ሰው ያቺን ባይጽፍ ኖሮ፣ በዚያው በ2005 ወጥቶ ዓለም ያጨበጨበለትን ሙዚቃ ምናልባት ዛሬም ባልሰማን ነበር።

ሌላም ልንገራችሁ፣ እኔ ይሄኛውን አብልጬ እወደዋለሁ። በ1968 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መንክን ለትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጋበዘው። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ «እንድቀርጸው ከፈቀዳችሁልኝ ፒያኖውን እቃኝላችኋለሁ» አለ። ቃኘ፣ ቀረጸም። ያ ቅጂ በ2020 አልበም ሆኖ ወጣ። የፒያኖው ድምፅ እንዴት ጥርት እንዳለ ስሙት። የመቅረጫ ድርጅት አልነበረም፣ ስቱዲዮ አልነበረም። የሚወድ ሰው ብቻ ነበር።

የኮልትሬን የ1963 ቀረጻም እንዲሁ ነው። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው የቀረጻ ክር፣ ጠፍቷል። የተረፈው እሱ ራሱ ቤት ወስዶ ለባለቤቱ ለናኢማ የሰጣት ቅጂ ነው። ቤተሰቧ ጠብቆ አቆየው። በ2018 ወጣ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው፣ ፒያኖ እየመቱ፣ እየዘመሩ ራሳቸውን በቴፕ ቀርጸው ነበር። ዓለም እሳቸውን የሚያውቀው በፒያኖ ነበር። ድምፃቸው የተሰማበት ያ ቅጂ የታተመው ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ማታ ነው፣ መብራት አጥፍቼ። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል። የዚህ ከተማ ወፎች ናቸው። ኃይሉ መርጊያንም አስታውሱ። የ1985 ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ገዝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ዛሬ በየሀገሩ መድረክ ላይ ነው። አንዲት ካሴት ናት ይህን ያደረገችው።

አሁን የዓመቱ ዋና ዜናችን።

ፒያሳና አካባቢዋ በልማት ሲነሳ ስንት ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ እንደሄደ አይታችኋል። ሰው ቤት ሲቀይር መጀመሪያ የሚጥለው የማይሠራ ቴፕና የማይዞር ሸክላ ነው። ቆራሌውም ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልትነሳ ዕቃ ስታወጣ፣ ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተገኘ። ቆራሌው ሳጥኑን እየመዘነ ሳለ ጎረቤት የሆነ አባላችን በዚያ ያልፋል። ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው አሥራ አንድ ሪል፣ የቴፕ ክር ጥቅል፣ አገኘ። የሟች ባለቤታቸው ነው። ሙዚቀኛ ነበሩ።

አባላችን ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ሳጥኑን አልገዛም። እናትየውን አስቀምጦ «እማማ፣ ይሄ የጋሼ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ አይሽጡት» አላቸው። ክሩን ቤቱ ባለው አሮጌ ማጫወቻ ላይም አላዞረውም። ማንም ሳይነካው እያንዳንዱን ካርቶን ፊትና ጀርባውን፣ ጎኑንም ሳይቀር ፎቶ አነሳ። ከዚያ ነው ወደ እኛ የደወለው። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ያ የክሩ ፕላስቲክ መበስበስ መጀመሩን ይነግረናል። እነሱን ለብቻ ለይተን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀመጥናቸው። ሌሎቹን የሚያውቅ ባለሙያ አንድ በአንድ ገለበጠልን። ሦስቱ ከሬዲዮ የተቀረጹ ናቸው። አራቱ ላይ ምንም የለም። ሁለቱ ግን ልምምድ ናቸው። ዘፋኝ የለበትም። አራት ቁራጮች በመሣሪያ ብቻ፣ የትም ሸክላ ላይ ያላየናቸው። አንደኛው ካርቶን ውስጥ በእርሳስ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ነበረች። የስድስት ሰው ስም አለባት።

ባንዱን ዛሬ በስም አልጠራም። ቤተሰቡ ገና እየተማከረ ነው፣ የሌሎቹን ተጫዋቾች ቤተሰብም እየፈለግን ነው። ማንም ሰው ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ቅጂ አለኝ ብሎ ዩቲዩብ ላይ እንዳይጭን አደራ እላለሁ። የቅጂ መብት ሕግ አለን። ከሕጉም በላይ እናትየዋ አሉ።

ከዚህ ጋር አያይዤ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። በባለ 78ቱ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው በጥንቱ ሸክላ ላይ አልኮል አታድርጉ። ያ ሸክላ የተሠራበትን ነገር አልኮል ያሟሟዋል፣ እያጠባችሁት እያለ ይጠፋል። ሌላው፣ ሸክላ ስታገኙ ዘፈኑ በሚያልቅበትና በክቡ ወረቀት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥር አንብቡ። በብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት ይታያል። ክቡ ወረቀት ቢቀደድ እንኳ ያ ቁጥር ሸክላው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ሽፋኑንም፣ የሻገተም ቢሆን፣ ፎቶ አንሱት። ከሸክላው ለይታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ወሬን ከዜና እንለይ ደግሞ። ከጃዝ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ባዲ ቦልደን ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሙዚቃውን በሲሊንደር፣ ከሸክላ በፊት በነበረው መቅረጫ፣ ቀርጿል እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተፈልጓል። አልተገኘም። አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቷል። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ያን ጊዜ የተቀረጸ ክር አለ ቢለን፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በዓይንህ አየኸው ወይ?» የሚል ይሁን። አይቶት ከሆነ አብረን እንሄዳለን። ሰምቶ ከሆነም መዝገባችን ላይ «ተሰምቷል» ብለን እንጽፋለን። ውሸታም አንለውም።

ስለ መሸጥም ሰው ይጠይቀኛል። ሸክላችሁን ለውጭ ሰብሳቢ መሸጥ ኃጢአት ነው አልልም። የቤት ኪራይ አለ፣ ሕክምና አለ። ከመሸጣችሁ በፊት ግን እዚህ አምጡት። እንገልብጠው፣ ሁለቱንም ፊት፣ ሽፋኑንም ፎቶ እናንሳው። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለማንም የማያሳይ ሰብሳቢ ነው እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ። በዚህ ዓመት አባላት በመዝገባችን ላይ ያስመዘገቡት ሽፋን ከአምናው በዝቷል። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወጣት ስካነር ይዞ ተቀምጧል። በሻይ ሰዓት ያመጣችሁትን ስጡት። የቤታችሁን አረጋዊም ጠይቁ። «ይሄ ሳክስ የማን ነው?» በሏቸው። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጿቸው።

ብዙ አወራሁ። የዓመታዊ ስብሰባችን ተከፍቷል።

የመጀመሪያው አጀንዳ ማዳመጥ ነው። ያቺ እናት ዛሬ ከልጃቸው ጋር እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ አባቷ ሲጫወት ሰምታ አታውቅም፣ ሲሞት ሕፃን ነበረች። ቤተሰቡ አንዱን ቁራጭ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ብቻ እንድንሰማው ፈቅዷል። አራት ደቂቃ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ወንበር ይጎተታል። ከዚያ አንድ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ይላል። እሳቸው ናቸው። እማማ አረጋግጠውልናል።

ስልካችሁን አጥፉልኝ። መስኮቱን ዝጉት፣ የመንገዱ ጫጫታ ይገባል። ወንድሜ፣ ድምፁን ክፈተው።