«ጂም የምከፍለው የለኝም፣ ታዲያ ስፖርት ለኔ አይደለም?» የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

የዛሬው የጤና ሰዓታችን ርዕስ ሰው ይበልጥ እንዲንቀሳቀስ አገር አቀፍ ስትራቴጂ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ነበር፣ መስመሩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተጨናንቆ ነው የዋለው። በስቱዲዮ የነበሩት የሕብረተሰብ ጤና ሐኪም ናቸው፣ የመለሱትን በአነጋገራቸው እንዳለ አስቀምጠነዋል።

ከአራት ኪሎ የደወለ፦ ዶክተር፣ ስፖርት መስራት አለመስራት የራስ ጉዳይ አይደል እንዴ? ለሱም ስትራቴጂ? መንግስት ሩጥ ስላለኝ እኮ አልሮጥም።

እውነትህን ነው፣ በመፈክር የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግርህ የምትወርደው ምን ስለሆነ ነው? ኮሪደሩ ከተሰራ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት አለው፣ ስለዚ ማንም ሳይመክርህ ትሄዳለህ። ስትራቴጂ ማለት እሱ ነው፣ ምክር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው እቅድ እስከ 2030 ድረስ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርገውን ሰው በ15 በመቶ እንቀንስ ይላል፣ በዓለም ላይ ከሶስት አዋቂ ወደ አንድ የሚጠጋው በቂ አይንቀሳቀስም። እቅዱን ብታየው ግን አብዛኛው ስራ የጤና ሚኒስቴር አይደለም፣ የመንገድ፣ የትምህርት ቤት፣ የከተማ ፕላን፣ የትራንስፖርት ስራ ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሁድ እሁድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና ትዘጋለች፣ ኪጋሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምራለች፣ እኛም በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ «መንገድ ለሰው» ብለን ጀመርን። እሱን እወደዋለሁ፣ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ ማየት ደስ ይላል፣ ግን ያው የወሩ መጨረሻ እሁድ ብቻ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሰኞ ነው።

ለምን መሰለህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። ይሄ ብዙ አገር በስንት ገንዘብ ሊያመጣው የሚለፋበት ነገር ነው፣ እኛ ጋ በድህነት መጣ እንበል፣ ግን አለ። ችግሩ ሰውየው ትንሽ ብር ሲይዝ መጀመሪያ የሚተወው እግሩን ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ በእግር የሚሄደው የቱቦ ክዳን እየዘለለ፣ አሸዋና ብረት እየዞረ፣ ሲዘንብ ጭቃ እየተረጨበት ነው። ከተማዋ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚል ሞተር ለማይጠቀም ትራንስፖርት የተዘጋጀ ስትራቴጂ አላት፣ ስለእግረኛና ስለሳይክል ነው የሚያወራው። ስለዚ የኛ ጥያቄ ሰውን እንዴት እናስጀምር አይደለም፣ እየሄደ ያለው ሰው እንዳይቆም ምን እናድርግ ነው። በኔ እይታ ዋናው አስፋልት ዳር ጥሩ ተሰርቷል፣ ቀጥሎ ግን ውስጥ ለውስጡ መንገድ መታየት አለበት፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በሱ ነዋ።

ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የምትሰራ፦ ዶክተር፣ ከጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አስራ አንድ ተኩል ቁጭ ነው፣ ከዛ ሰልፍ፣ ከዛ ታክሲ፣ ቤት ስገባ መሽቷል። ጂም የምከፍለው የለኝም፣ ጊዜውስ ከየት ይምጣ?

እህቴ፣ ጂሙን ለጊዜው እርሺው። ለአዋቂ የሚባለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ዝቅተኛውን ለሰባት ቀን ብታካፍይው በቀን ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። ድሮ «ቢያንስ አስር ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሲታደስ ያ ቀረ፣ አሁን አምስት አምስት ደቂቃውም ይደመራል። በመገናኛ በኩል የምትመጪ ከሆነ ስታዲየም ጋ ውረጂና እስከ ሜክሲኮ በእግርሽ ፈጠን ብለሽ ሂጂ፣ ማታም እንደዛው፣ የቀኑ ኮታሽ እዛው አለቀ። ፈጠን ማለት ምን ያህል ነው ካልሽ፣ እየሄድሽ ማውራት የምትችዪበት ግን መዝፈን የሚያቅትሽ ያህል ነው። ሂልሽን ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ በስኒከር ተመላለሺ። ደረጃም አለ፣ መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም ስፖርተኛ ነን፣ መብራት ሲኖርም ሁለት ፎቅ ውጪ። ከዛ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሰራ ነገር ጨምሪ፣ ወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሳት መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ፣ ይሄ ሁሉ ብር አያስወጣም።

ከስድስት ኪሎ አንድ አባት፦ ልጄ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ተራመድ ይሉኛል፣ ጉልበቱ ግን እንዴት ይሁን? ስግደቱስ እንቅስቃሴ ነው ወይ?

አባባ፣ እንደምን ዋሉ። የጉልበት ብግነት ያለበት ሰው ሙሉ በሙሉ ከተቀመጠ ጉልበቱን የሚደግፈው ጡንቻ ይሰንፍና ህመሙ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። በቀን አስር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን ይጀምሩ፣ ቁልቁለቱን ይተዉት፣ ጉልበት የሚጎዳው በብዛት ሲወርዱ ነው። እየተራመዱ ትንሽ ቢያምዎ ችግር የለውም፣ ካበጠ ወይ በማግስቱም ከባሰ ግን ይቀንሱ። በእርስዎ ዕድሜ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴም በሳምንት ሶስት ቀን ይመከራል፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ይበቃል፣ መውደቅን ይከላከላል።

ስኳሩ ላይ ደሞ ጥንቃቄ አለ፣ ይሄን ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጡ ከሆነ ባዶ ሆድ ሲራመዱ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ ነው፣ ስለዚ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። በጾም ሰዓት ከሆነ መድኃኒቱ መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ከሐኪምዎ ጋ ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ቤት ሲገቡ ጫማዎን አውልቀው የእግርዎን መዳፍ ይዩት፣ ቁስሉ ሳይሰማዎ ሊያድር ይችላል። ስግደቱም እንቅስቃሴ ነው ወይ ያሉኝን አልረሳሁትም፣ አዎ ነው፣ በደንብ ያሰራል፣ ግን ጉልበትዎ እንዲህ ሆኖ ቁጥር አይብዛ፣ ደረት ላይ ጭንቀት ወይ ህመም ከተሰማ ደግሞ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ቤት።

ጃን ሜዳ አካባቢ የምትኖር ወጣት፦ ጠዋት መሮጥ እፈልጋለሁ፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ግን ውሻው፣ ከዛ ለከፋው። ፈራሁ ስል ሰበብ ነው ይሉኛል።

ሰበብ አይደለም። በዓለም ላይ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ይንቀሳቀሳሉ፣ «ስንፍና ነው» ብሎ ማለፍ ስራ አለመስራት ነው። መንገዱ ላይ መብራት ከሌለ፣ የሚናገሩሽን የሚገስጽ ከሌለ፣ ሴቷ እቤቷ ትቀራለች፣ ስትራቴጂ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። እስከዛው ሁለት ሶስት ሆናችሁ ውጡ፣ ወይ ትንሽ ነጋ ሲል መስቀል አደባባይ ሂጂ። አንዱ አሰልጣኝ ፊሽካ እየነፋ ደረጃው ላይ ሃያ ሰላሳ ሰው ያስወጣል ያስወርዳል፣ ከስር ጋቢ የለበሱ አባቶች ዱላቸውን ይዘው ይዞራሉ፣ ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። ትንሽ ልምምድ ሲኖርሽ ነው ደረጃው፣ ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ በመጀመሪያ ሳምንት ትንፋሽ ቢያጥርሽ አትደንግጪ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ የልጄ ትምህርት ቤት ግቢ ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ ስፖርት በሳምንት አንዴ፣ እሱንም ለፈተና ይወስዱታል።

ለልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው የሚመከረው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት በዓለም ደረጃ ከአስሩ ስምንቱ እዛ አይደርሱም። ሜዳ ባይኖርም ሱዚ፣ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ ሲሚንቶ ላይ ይሆናል። የወላጅ ስብሰባ ላይ ስለዩኒፎርም ሁለት ሰዓት የምንጨቃጨቀውን ያህል ለምን የስፖርት ክፍለ ጊዜው ይወሰዳል ብላችሁ አንድ ላይ ጠይቁ፣ ብቻሽን ከጠየቅሽ ሰሚ አታገኚም። ማታ ስልኩን ተቀበዪውና ግቢ አስወጪው።

በአጭር መልእክት፦ «ሹፌር ነኝ፣ ሙሉ ቀን መሪ ላይ»

ተራ ስትጠብቅ ውረድ፣ መኪናውን ዙር፣ ወገብህን አሳስብ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በሬድዮ ጂምናስቲክ ያሰራሉ፣ እኛም ፕሮግራሙ መሃል ሶስት ደቂቃ እንስጥ ብዬ አዘጋጁን ጠይቄዋለሁ፣ ስቆብኛል።

በአጭር መልእክት፦ «የቀን ሰራተኛ ነኝ፣ ሲሚንቶ ስሸከም ነው የምውለው፣ እኔም ስፖርት ልስራ?»

አይ ወንድሜ፣ አንተ ከሚመከረው በላይ ሰርተሃል፣ የስራ እንቅስቃሴም ይቆጠራል። ላንተ የጎደለህ እረፍት፣ ውሃና ምግብ ነው። ከረጢቱን ከመሬት ስታነሳ ወገብህን አትጠፍ፣ ጉልበትህን ነው የምታጥፈው፣ ወደ ሰውነትህም አስጠጋው፣ ከቻላችሁ ለሁለት አንሱት። ህመሙ ከወገብህ ወደ እግርህ የሚወርድ ከሆነ ወይ እግርህ ከደነዘዘ፣ ቅዳሜን ሳትጠብቅ ጤና ጣቢያ ሂድ።