ረመዷን በዱባይ፦ ከረሃቡ ይልቅ እንቅልፉ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ረመዷን ነው፤ እሱም ዱባይ ላይ። ሰዓት ስጠራ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጠራው። ስልካችሁ ላይ ያለው የሶላት ሰዓት ግን በፈረንጁ ስለሆነ የ6 ሰዓቱን ልዩነት አትርሱ። አዲስ የመጣ ሰው በዚህች ልዩነት ብቻ ሱሑር፣ ማለትም ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ፣ ያመልጠዋል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ሰው ስለ ረመዷን ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ረሃቡንና ውኃ ጥሙን ነው። እኔ ግን ሰውን የሚጥለው እንቅልፍ ነው እላለሁ። ረመዷን የካቲትና መጋቢት ላይ ሲውል ዱባይ ውስጥ ጾሙ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሰውነት ይችለዋል። ከተማው ግን ቀኑን ወደ ሌሊት ያዞረዋል። ገበያው የሚደምቀው ከተራዊህ፣ ከረመዷን የሌሊት ሶላት፣ በኋላ ነው። ዘመድ የሚጠያየቀውም ያኔ ነው፤ ልጆች እንኳ እኩለ ሌሊት ድረስ አይተኙም። የጠዋቱ ሥራ ደግሞ የትም አይሄድም።

እስቲ እናስላው። በፈረንጆቹ መጋቢት መጀመሪያ መግሪብ (ጾም የሚፈታበት የፀሐይ መጥለቂያ ሶላት) 12 ሰዓት ከ25 ገደማ ይላል። ዒሻ፣ የምሽቱ ሶላት፣ 1 ሰዓት ከ35 ገደማ ነው፤ ተራዊህ ሲያልቅ 3 ሰዓት ይሆናል። የዚያን ሰዓት ቤት ገብቶ 4 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው፣ ለሱሑር 10 ሰዓት ቢነሳ 6 ሰዓት ተኝቷል ማለት ነው። ፈጅር፣ የንጋቱ ሶላት፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ተረጋግቶ ይበላል፤ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ጋደም ካለ ይበቃዋል። 8 ሰዓት ሌሊት ድረስ ሲጫወት ቆይቶ "ሱሑሬን በልቼ ልተኛ" ያለው ግን በ3ኛው ቀን ራሱን ይይዘዋል፣ በ10ኛው ቀን ከሰው ጋር ይጣላል። ወሩ በገፋ ቁጥር ፈጅር እየቀደመ፣ መግሪብ እየዘገየ ይሄዳል። ጸደዩ ላይ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ጾሙ 45 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት ለመጨረሻው አይሠራም።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን የሚመለከተን እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታት፣ ብዙውን ጊዜ የረሃብ ሳይሆን የቡና ነው። ረመዷን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው በየሁለት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ያቀለዋል። ማታ ደግሞ ከተራዊህ በኋላ ተሰብስቦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ደስ ይላል፤ ግን 4 ሰዓት ላይ በረካ የጠጣ ሰው እንቅልፉን ሸጦታል። ቡናው ካፈጠራችሁ በኋላ፣ ከዒሻ በፊት ቢሆን ይሻላል። ውኃም እንደዚያው ነው፤ ፈጅር ሊል ሲል አንድ ሊትር መጋት አያዋጣም፣ ወዲያው በሽንት ይወጣል። ከኢፍጣር እስከ መኝታ በየሰዓቱ አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ ለሱሑር ሁለት። ሱሑር ላይ ፉል፣ እንቁላል፣ አጃ ይቆያሉ፤ ነጭ ዳቦና ጨው የበዛበት ኮምጣጣ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ ያስጠማል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የጊዜ ሰሌዳው ላይ "ኢምሳክ" የሚለው ከፈጅር 10 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ለጥንቃቄ የተቀመጠ ነው፤ ጾሙ የሚጀምረው በፈጅር ነው። ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከላይ ላለው ቆይታ ስለምትጠልቅ፣ ከ80ኛው እስከ 150ኛው ፎቅ ያለ ሰው 2 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ያለ 3 ደቂቃ ቆይቶ ያፈጥራል። የዱባይ ሙፍቲ ጽሕፈት ቤት ይህን በ2011 እ.ኤ.አ. ተናግሯል።

አሁን ወደ ሥራው። በኤምሬትስ የግል ድርጅት ሠራተኛ በረመዷን የሥራ ሰዓቱ በቀን በ2 ሰዓት ይቀንሳል፣ ደመወዙ አይነካም። ይህ ጿሚውንም የማይጾመውንም ይመለከታል። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አይመለከተኝም" ብሎ 8 ሰዓት የሚሠራ ወገን አለ፤ ይመለከትሃል ወንድሜ። የቤት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደሩት፤ የ2 ሰዓቱ ቅናሽ እዚያ ውስጥ የለም። በ2022 የወጣው ሕግ የሚሰጣቸው በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለበት፣ በሳምንትም 1 ቀን። እህቶቼ፣ በረመዷን የሚሰበረው ይሄ 8 ሰዓት ነው። እንግዳው እስከ ሱሑር ይቆያል፣ ሳህኑ ሌሊት ይታጠባል፣ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት አላቸው። ስለዚህ ከማዳም ጋር መነጋገር ያለባችሁ ወሩ ሳይገባ ነው፤ "ሌሊት እስከ ሱሑር ከሠራሁ፣ ጠዋት እስከ ስንት ሰዓት ልተኛ?" ብላችሁ ቁርጥ ያለ ሰዓት አስቀምጡ። በ15ኛው ቀን፣ ሁሉም ደክሞት ሲያኮርፍና ሲቆጣ፣ ያ ንግግር አይሳካም።

የወጥ ቤቱን ሥራ የሚያቀለው ሻዕባን ላይ፣ ከረመዷን በፊት ባለው ወር፣ የሚሠራው ሥራ ነው። ሳንቡሳ ለ8 ሰው፣ ለአንድ ሰው 2 ቢባል፣ በቀን 16 ነው፤ በሳምንት ከ100 ይበልጣል። በየቀኑ መጠቅለል አይታሰብም። ሥጋው ወይም ምስሩ ውኃው እስኪደርቅ ይብሰል፣ በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ከተጠቀለለ እንፋሎቱ ሊጡን ያረጥበውና ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ጠርዙን በዱቄትና ውኃ ለጥፉት። ሳይጠበስ ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ አቀዝቅዙት፤ ሲደነድን በላስቲክ ክተቱት። መጀመሪያውኑ በላስቲክ ከገባ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሲጠበስ ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ዘይት ነው፣ አይሟሟ፤ እሳቱ ደግሞ መካከለኛ ይሁን። በጣም ከጋለ ውጭው ይጠቁራል፣ ውስጡ በረዶ ይሆናል።

ሀሪስ፣ የስንዴና የሥጋ ገንፎው፣ ሌላ ነው። ስንዴው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከሥጋው ጋር 4 ሰዓት ያህል በቀስታ ይበስላል፣ ከዚያ እስኪልም ይመታል። 7 ሰዓት ላይ ያልተጣደ ሀሪስ ለመግሪብ አይደርስም። እሳቱን ጨምሮ ማካካስ ደግሞ ታቹን ያሳርረዋል፤ የማረሩ ሽታ ድስቱን ሙሉ ይይዛል። የምትጾሙ እህቶች ጨው ለመቅመስ ተጨንቃችሁ ምግቡን አታበላሹ፤ ካስፈለገ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ጾም እንደማይሰብር የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ተናግረዋል።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዷን የካቲት 22 ገቡ። ሁዳዴ የሚጾም ሰው ኢፍጣር ሲጋበዝ ምን ይበላል? ቴምር፣ ሑሙስ፣ ሰላጣ ችግር የለባቸውም። የምስር ሾርባ ግን ብዙ ጊዜ በሥጋ ወይም በዶሮ መረቅ ይሠራል፣ ጠይቁ። ሉቀይማትም (የተጠበሰው የሊጥ ጣፋጭ) አንዳንድ ቤት ወተት ወይም እርጎ ይገባበታል። ለጋባዡ "እኔም ጾም ላይ ነኝ" ማለት ይበቃል፤ ጾም የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል።

ለማይጾም ሰው ዱባይ ከ2021 ወዲህ ምግብ ቤቶች መጋረጃ እንዲዘረጉ አታስገድድም። መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስና ማስቲካ ማኘክ ግን ተዉት። ሻርጃ የበለጠ ጠበቅ ያለ ነው፤ ምግብ ቤት ቀን ለመሥራት ፈቃድ ያወጣል። የዱባዩን ልማድ ይዛችሁ አትሻገሩ።

ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ መግሪብ መንገድ ላይ ባትሆኑ ደግ ነው። ሰው ደክሞታል፣ ቸኩሏል፣ ታክሲም አይገኝም፤ ሾፌሩም ሊያፈጥር ነው። ግድ ከሆነ 3 ቴምርና ውኃ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ አዛን ሲል በዚያ አፍጥራችሁ ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ።

ስለ መዋጮ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እኛ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት በስልክ ቡድን ገንዘብ እንሰበስባለን፤ በረመዷን ደግሞ ልብ ይራራል። በኤምሬትስ ግን ፈቃድ ከተሰጠው ድርጅት በስተቀር ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ወንጀል ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ማድረጉም ያው ነው። ልመናም ከ5,000 ድርሃም የማያንስ ቅጣትና እስከ 3 ወር እስራት ያመጣል። መርዳት የፈለገ ፈቃድ ባለው በጎ አድራጎት በኩል ያድርግ። ዘካተል ፊጥርም፣ ለረመዷን ማብቂያ የሚሰጠው ምጽዋት፣ እንደዚያው በእነሱ በኩል ይከፈላል። በ2025 ለአንድ ሰው 25 ድርሃም ነበር፣ የ2 ኪሎ ተኩል ሩዝ ግምት። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት።

ቤተሰብ ጋር በስልክ አብራችሁ ማፍጠር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ከዱባይ በ1 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ፀሐይዋም ቆይታ ነው የምትጠልቀው። በመጋቢት መጀመሪያ እናንተ ካፈጠራችሁ በኋላ እናታችሁ ገና ከ1 ሰዓት በላይ ይቀራታል፤ ስለዚህ ከዒሻ በፊት ደውሉ፣ ሾርባው ሲቀርብ ትደርሳላችሁ።