ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ማንም ግን አይገባም

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ፋየርዎል ነው የምናወራው፣ ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚመጣውን ግንኙነት ስለሚያጣራው ዘበኛ። ጌም ሆስት ስታደርጉ፣ ማለትም ጌሙን በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አስነስታችሁ ሌሎቹን ስትጠሩ፣ ጓደኞቻችሁ ለምን መግባት እንደሚያቅታቸው።

ሜሮን፦ ከሱ በፊት የፋሲካውን ንገራቸው! የአክስትህን ልጆች።

ብሩክ፦ እሱማ መነገር አለበት። ለበዓል አክስቴ ቤት ተሰብስበናል። ትልቁ ልጇ በላፕቶፑ የማይንክራፍት ሰርቨር አስነስቷል፣ የጃቫውን ዓይነት። እህቱ እዛው ሶፋው ላይ ናት። አድራሻውን ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት»፤ መልስ የሚሰጥ የለም ማለት ነው።

ሜሮን፦ አንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው?

ብሩክ፦ አንድ ዋይፋይ! አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ትልና «ያቺን የዋይፋይ ሳጥን ነቅላችሁ ሰኳት» ትላለች። ይነቅላሉ፣ ይሰካሉ። ያው ነው።

ሜሮን፦ (ሳቅ) እትዬ እኮ ሁሉንም ነገር በነቅሎ መሰካት ነው የምትፈታው። ፍሪጁንም፣ ቴሌቪዥኑንም።

ብሩክ፦ ብዙ ጊዜም ይሠራላታል! ዶሮ ወጡ እስኪቀርብ ራውተሯ እረፍት አላገኘችም። ልጆቹ ደግሞ አሳዘኑኝ። ሜሪላንድ ያለው የአጎታቸው ልጅም ሊገባ እየጠበቀ ነው። ከተለያዩ በኋላ አብረው የሚሆኑት በጌም ነው።

ሜሮን፦ እሺ፣ ምን ሆኖ ተገኘ?

ብሩክ፦ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ ዊንዶውስ ጠይቆታል። «ይህን ፕሮግራም ልፍቀድለት?» የሚለው መስኮት አለ አይደል? ልጁ ቸኩሎ «ካንስል» ብሎታል።

ሜሮን፦ ካንስል ማለት በኋላ ጠይቀኝ አይደለም?

ብሩክ፦ አይደለም! ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ ለዛ ፕሮግራም የክልከላ ደንብ ይጽፋል። ልጁ በኋላ ጌሙ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 25565ን፣ በቲሲፒ በሚባለው የግንኙነት ዓይነት ከፍቷል፣ በትክክል ነው የከፈተው። ግን ክልከላና ፈቃድ ከተጋጩ ክልከላው ያሸንፋል።

ሜሮን፦ ቆይ፣ ድገመው።

ብሩክ፦ ክልከላው ያሸንፋል። ዘበኛውን «እሱን ሰውዬ እንዳታስገባ» ካልከው በሩን ወለል አድርገህ ብትከፍትም አያስገባውም። ስለዚህ ፖርት ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ፋየርዎሉ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ግቡ፣ ከዛ «ኢንባውንድ ሩልስ»። ሰርቨሩን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ጃቫ ወይም ኦፕንጄዲኬ የሚል ስም ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ ያ ነው። አጥፉት፣ ወይም ወደ ፈቃድ ቀይሩት።

ሜሮን፦ እኔ ብሆን ፋየርዎሉን በሙሉ አጠፋዋለሁ።

ብሩክ፦ ኧረ ሜሪ!

ሜሮን፦ ለአንድ ደቂቃ እኮ ነው፣ ቤት ውስጥ። እህቱ ከገባች ጥፋቱ የፋየርዎሉ ነው። ካልገባች ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ። ምን ችግር አለው?

ብሩክ፦ ሰው ያጠፋና ይረሳዋል። ጌሙ ይጀምራል፣ ማን ያስታውሰዋል?

ሜሮን፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ለመለየት ከሱ የሚፈጥን የለም።

ብሩክ፦ እሺ፣ ለመለየት ብቻ። ካፌ ዋይፋይ ላይ ግን በፍጹም።

ሜሮን፦ የሜሪላንዱ ልጅስ ገባ?

ብሩክ፦ አልገባም። ክልከላውን ስናነሳ እህቱ ወዲያው ገባች፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ለሱ ግን ራውተሩ ላይም ፖርቱ ወደ ላፕቶፑ መመራት አለበት። ያንን አደረግን፣ አሁንም እምቢ። የራውተሩን የውጭ አድራሻ ሳየው በ100.64 ይጀምራል።

ሜሮን፦ ምን ማለት ነው?

ብሩክ፦ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው የኢንተርኔት አቅራቢው አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሲያጋራ ለየቤቱ የሚሰጠው የውስጥ አድራሻ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ቤታችሁ አይደርስም። ፋየርዎላችሁን ብትነካኩት ለውጥ የለውም።

ሜሮን፦ ታዲያ እሱ ሆስት ያድርጋ! የሱ አድራሻ የራሱ ከሆነ እነዚህ ከዚህ ይገባሉ።

ብሩክ፦ እንደዛው አደረግን። መጀመሪያ ግን እሱንም አስጠነቀቅነው፤ መስኮቱ ሲመጣ ካንስል እንዳትል!

ሜሮን፦ እኔ ግን አሁንም መጀመሪያ አጥፍቼ ነው የማየው።

ብሩክ፦ እየጠበቅኩሽ አጠገብሽ ከቆምኩ፣ እሺ።