ውሃው በማን በኩል ይውረድ? የሰፈር ዲዛይን ግምገማ በደሴ ቁልቁለት

[ምስል፦ ማለዳ፤ ከጦሳ ግርጌ ወደ ከተማዋ ሲታይ። ጭጋጉ ከቦርከና ሸለቆ ቀስ እያለ ይነሣል።]

ተራኪ፦ ደሴ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተይዛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማ አስተዳደሩ ክልል 151,174 ሰው ተቆጥሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ባይካሄድም፣ የከተማዋን ማደግ ለማወቅ ቁጥር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ዳገቱን ማየት ይበቃል። ሜዳ የሚባለው ሥፍራ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ አስቀድሞ ስለተያዘ፣ አዲሱ ቤት የሚሠራው ወይ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ አለዚያም ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ ነው።

በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሰፈር ከመሠራቱ በፊት የሚደረገውን የዲዛይን ግምገማ ነው። ብዙ ጊዜ ግምገማ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሕንፃው ፊት ነው፤ መስታወቱ፣ አሉኮቦንዱ፣ የቀለሙ ነገር። እንደ ደሴ ባለ ከተማ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ፊቱ አይደለም። ክረምት ሲገባ በዚህ ቦታ ላይ የሚወርደው ውሃ በማን በኩል ያልፋል? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀለም መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርታ፤ አንድ እጅ በእርሳስ የቦታ ወሰን ይከተላል።]

ሕጉን በአጭሩ እንለፍ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። አንደኛው መላውን ከተማ የሚመራውና ለ10 ዓመት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ግንባታን በሚመለከት ደግሞ በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። ተራ መኖሪያ ቤት በምድብ ሀ፣ ባለ ፎቁ በምድብ ለ፣ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከመሬት ወለል እስከ መጨረሻው ፎቅ ወለል ከ12 ሜትር በላይ የሆኑት በምድብ ሐ ይገባሉ። ምድቡ ከፍ ሲል የሚጠየቀው የባለሙያ ደረጃና የቁጥጥሩ ጥብቅነትም አብሮ ከፍ ይላል። ባለይዞታው በቅድሚያ የፕላን ስምምነት ይወስዳል፣ ከዚያ ንድፉን አሠርቶ የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ችግሩ ወረቀቱ ሜዳ መሆኑ ነው።

[ምስል፦ ባለ አራት ማዕዘን ቦታ በሥዕል፤ ሥዕሉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ተዳፋቱ ይታያል።]

አንድ ቦታ ወስደን በቅርብ እንየው። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው 20 ሜትር። በላይኛው ወሰኑ መንገድ ያልፋል፣ በታችኛው ወሰኑ የጎረቤት አጥር አለ። የመሬቱ ተዳፋት 25 በመቶ ከሆነ፣ ከመንገዱ እስከ ጎረቤቱ አጥር ድረስ መሬቱ 5 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ፎቅ ተኩል ያህል ከፍታ ነው። ካርታው ላይ ግን ይኸው ቦታ እንደ ማንኛውም የሜዳ ቦታ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ሆኖ ተስሏል።

ባለቤቱ በዚህ ቦታ ላይ ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ለመሥራት አስቧል። የእያንዳንዱ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ ከላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ለሚለካ ሰው የመጨረሻው ፎቅ ወለል 9 ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚህም ሕንፃው ከ12 ሜትሩ ወሰን በታች ይቆያል። ከታች፣ ከጎረቤቱ ግቢ ቆሞ ለሚለካ ግን 14 ሜትር ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው ወለል ነው፤ የተለየው ሜትሩ የተያዘበት ቦታ ብቻ ነው። እንደ እኔ እምነት በቁልቁለት ላይ የሚሠራ ቤት መለካት ያለበት ከታች ነው፤ ምክንያቱም ሕንፃው ቢያጋድል የሚጫነው ከታች ያለውን ቤት እንጂ ከላይ ያለውን መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። የደሴ ከባድ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ሲሆን አንዳንድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወርዳል። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ ብንል፣ በ200 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ውሃ 6,000 ሊትር፣ ማለትም 30 በርሜል ይሆናል። ቦታው ሣርና አፈር በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን መሬቱ ይጠጣው ነበር። ጣሪያ ከለበሰና ግቢው ሊሾ ከሆነ በኋላ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ይፈስሳል፣ የሚፈስሰውም ወደ ታች ነው። በአንድ መስመር ላይ ዐሥር ቤት ከተሠራ በአንድ ሰዓት 300 በርሜል ውሃ ከታች ባለው ሰፈር ላይ ይለቀቃል ማለት ነው።

[ምስል፦ የድጋፍ ግንብ በቅርብ፤ በድንጋዩ መገጣጠሚያ እርጥበት ይታያል፣ ነጭ ጨው ወጥቶበታል።]

ባለቤቱ ቤቱን የሚያሳርፍበት ደልዳላ መሬት ስለሚፈልግ፣ ከላይ ቆርጦ ከታች ይሞላል፤ የሞላውን አፈር ለመያዝ ደግሞ በታችኛው ወሰን ላይ የድጋፍ ግንብ ያቆማል። ይህ ግንብ ነው ግምገማው ከሁሉ በላይ ሊያተኩርበት የሚገባው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ ንድፉ ላይ አንዲት መስመር ሆኖ ያልፋል።

የደሴ ተዳፋት አፈር ከላይ ካለው የባዝልት ቋጥኝ እየተሰባበረ የወረደ ድንጋይና ጭቃማ አፈር የተደባለቀበት ነው። ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል፤ ውሃ ሲጠግብ ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርሱ የተያያዘበት ኃይልም ይላላል። ከግንቡ በስተጀርባ የገባው ውሃ መውጫ ካጣ፣ ግንቡ የሚሸከመው አፈሩን ብቻ መሆኑ ይቀራል። የ3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በግንቡ እግር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ይገፋል፤ በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ ሲደመር ግፊቱ 4 ቶን ተኩል ይሆናል፣ ይህም የአፈሩን ግፊት ሳይጨምር ነው። ግንብ በክረምት የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ድንጋዩ ስለሳሳ ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ከጀርባው ጠጠር መሙላት፣ በግንቡ ውስጥም ውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው። እዚህ ላይ ግን አንድ ብዙ ገምጋሚ የሚያልፈው ነገር አለ። ግንቡ ልክ ወሰኑ ላይ ከቆመ፣ በቀዳዳው የሚወጣው ውሃ የሚፈስሰው በቀጥታ ወደ ጎረቤት ግቢ ነው። እናም ጎረቤቱ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ ማንም ሰው በእርሱ ቦታ ቢሆን ይደፍነው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ አይተናል። ስለዚህ ግንቡ ከወሰኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መቆም፣ በእግሩ ሥርም ውሃውን ሰብስቦ ወደ ሕዝብ ቦይ የሚወስድ ጠባብ ቦይ መኖር አለበት። ለ200 ካሬ ሜትር ባለይዞታ አንድ ሜትር መሬት ውድ መሆኑ አይካድም፤ 10 ካሬ ሜትር ነውና። ነገር ግን ይህን አንድ ሜትር መተው የሚቻለው በንድፉ ጊዜ እንጂ ግንቡ ከቆመ በኋላ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያሳየው አንድ ሥዕል ነው፤ ባለሙያዎቹ ሴክሽን የሚሉት፣ ቦታውን ከላይ እስከ ታች እንደ ዳቦ ቆርጦ በጎን የሚያሳየው። ብዙውን ጊዜ ይህ ሥዕል ከወሰን እስከ ወሰን ብቻ ይሣላል። ለደሴ የሚጠቅመው ግን ወሰኑን አልፎ የላይኛውን መንገድና የታችኛውን ጎረቤት ቤት አብሮ የሚያሳይ ሴክሽን ነው።

[ምስል፦ ሁለት የሰፈር ንድፎች ጎን ለጎን፤ በአንዱ ቦታዎቹ ቁልቁል፣ በሌላው አግድም ተዘርግተዋል።]

ከአንድ ቤት ወደ ሰፈር ስንወጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ያንኑ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አዙረን፣ 20 ሜትሩን ጎን በኮንቱር መስመሩ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በሚያገናኘው የካርታ መስመር፣ አግድም፣ 10 ሜትሩን ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ብናደርገው፣ የመሬቱ መውረድ ከ5 ሜትር ወደ 2 ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። የግንቡ ከፍታ ይቀንሳል፣ የሚቆረጠው አፈርም ያንሳል። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቦታ በመንገድ ላይ የሚይዘው ፊት እጥፍ ስለሚሆን ከተማው ብዙ መንገድ መሥራት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ይህ ውሳኔ በባለይዞታው እጅ ያለ አይደለም፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ሲሠራ ተወስኖ ያለቀ ነው። ቦታው ቁልቁል ተሸንሽኖ ከተሰጠ በኋላ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ምንም ያህል ጥብቅ ቢሆን የሚያስተካክለው ትንሽ ነው።

በሀገራችን የከተማ ፕላን አሠራር የሚታወቅ አንድ ቀመር አለ፤ ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ቀመሩ መልካም ነው። ቢሆንም በተራራ ከተማ ውስጥ ሊሠራበት የማይቻለውን ሸጥና ገደል ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ 30 በመቶውን መሙላት እጅግ ቀላል ነው። ገደሉ ዛፍ ሊይዝ ይችላል፣ ውሃም ያሳልፋል፤ ነገር ግን ለቅሶ የሚቀመጥበት ድንኳን አይተከልበትም። የእድሩ ድንኳን የት ይተከላል የሚለውን ጥያቄ በፕላን መመሪያ ውስጥ አላየሁትም፤ በእኔ ግምት ግን አንድ ሰፈር ለሰው ታስቦ መሠራቱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። መልሱ መንገዱ ላይ ከሆነ፣ ያ መንገድ ድንኳኑ በተተከለበት ቀን አምቡላንስ እንዴት ያሳልፋል? መንገዱ ዳገት ከሆነስ ሽማግሌዎቹ በምን ላይ ይቀመጣሉ?

[ምስል፦ የድንጋይ ደረጃ፤ ጀሪካን ያዘለች ሴት ትወጣለች፣ ተማሪዎች ይወርዳሉ።]

ደረጃዎችም እንዲሁ ናቸው። በዳገት ሰፈር ውስጥ እውነተኛው መንገድ መኪናው የሚዞርበት ሳይሆን ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ነው። አዲስ ሽንሸና ሲሠራ ይህን ማቋረጫ የሚዘጋ አንድ ረዥም አጥር የአምስት ደቂቃውን መንገድ ሃያ ደቂቃ ያደርገዋል። ደረጃው ከጎኑ የውሃ መውረጃ ተበጅቶለት ሁለት ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ካልተበጀለት ግን በክረምት ራሱ ደረጃው ቦይ ይሆናል።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልበል። ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለቆመ፣ ከግርጌው ያሉት ሰፈሮች ፀሐይ ቀድማ ትጠልቅባቸዋለች። ደሴን በብርድ ቀን የሚያውቃት ሰው የጠዋት ፀሐይ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። በምሥራቅ በኩል የሚቆም አዲስ ፎቅ ያቺን የጠዋት ፀሐይ ከወሰደ፣ ከኋላው ላለው ቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

[ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ታች፤ ከዚያ ሰፊው የኮምቦልቻ ሜዳ።]

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለናል፤ ቦርከናም አብሮን ወርዷል። እዚህ መሬቱ ሰፊና ደልዳላ ነው፣ ፋብሪካዎቹም ለዚህ መጡ፤ በ2009 ዓ.ም ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻውን 75 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። የግምገማው ጥያቄም ይለወጣል። በሜዳ ላይ የሚያስቸግረው የወለል ከፍታ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወይም አስፋልት ሲደረብ ከፍ ይልና ግቢው ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የቤቱ ወለል ከመወሰኑ በፊት የመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ መታወቅ አለበት። ሌላው ደግሞ ሰርቪስ ቤቶቹ ናቸው፤ ለፈቃድ የሚቀርበው ዋናው ቤት ሆኖ ሳለ፣ በኋላ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩ ክፍሎች ግቢውን ዙሪያውን ይሞሉታል፣ ሽንት ቤቱ ግን ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው ነው። ገምጋሚው ይህ እንደሚመጣ ያውቃል፤ አውቆ እንዳላየ ከሚያልፍ ባለቤቱን ስንት ክፍል ሊያከራይ እንዳሰበ ፊት ለፊት ቢጠይቀው ይሻላል።

ሁለቱም ከተሞች በስምጥ ሸለቆው ዳር ያሉ መሆናቸውንም ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1953 ዓ.ም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ውሃ የጠገበ ተዳፋትና የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ቀን ቢገናኙ፣ ከላይ ያየነው ግንብ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

[ምስል፦ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፕላን ካርታ፤ ነዋሪዎች ራቅ ብለው ያያሉ።]

የፕላን አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለነዋሪው ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ውይይቱ በአዳራሽ ሲደረግ ካርታው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ነዋሪውም ከቀለማቱ መካከል የራሱን ቤት ይፈልጋል፤ ካገኘው ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም ብሎ ይጠይቃል፣ ካላገኘው ይቀመጣል። በዚህ ሊፈረድበት አይገባም፤ የኮንቱር መስመር ማንበብ ሙያ ነው። ይልቅ ካርታውን ይዞ ወደ ሰፈሩ መውጣት ይቻላል፣ ከተቻለም በሐምሌ፣ ጃንጥላና ቦቲ ተይዞ። ፕላን ሠሪው ቦዩን በሣለበት መስመር ላይ ቆሞ በሰፈሩ ሠላሳ ዓመት የኖሩ አንዲት እናትን ውሃው በየት ይመጣ እንደነበር ቢጠይቃቸው፣ ከመስመሩ ስንት ሜትር ወዲያ እንደሆነ በእጃቸው ጠቁመው ያሳዩታል። ያ ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት፣ ሴክሽኑ በዚያው ላይ ይሣል።