ፒንግ መለሰ ማለት መስመሩ ሠራ ማለት አይደለም

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሥራዬ ነው። ኔትወርክ የማይመለከታችሁም ብትሆኑ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ባንክ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ። አንዳንዴ ጣጣው የሚጀምረው መስመሩ ከገባበት ቀን ነው፤ ማንም በወጉ አልፈተሸውም።

አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት እንዲህ ነው። ፋይበሩ ይገባል፣ ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ይሰካል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ፒንግ ይላል (ወደ ማዶው መሣሪያ «አለህ?» የሚል ትንሽ መልእክት ይልካል)፣ አራት መልስ ይመጣለታል፣ «ይኸው፣ ገብቷል» ብሎ የርክክቡን ወረቀት ያቀርባል። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከአናጢ ከቀለም ቀቢ ጋር ሲጨቃጨቁ ውለዋል፣ ነገ በር መክፈት አለባቸው፣ ይፈርማሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ግን ያ ፒንግ ምንድን ነው? ዊንዶውስ ላይ ዝም ብላችሁ ስትልኩት 32 ባይት ዳታ ነው፣ አራት ጊዜ። ባዶ መስመር ላይ 32 ባይት ባያልፍ ነው የሚገርመው። በበጋ የሚያፈስ ጣራ የለም።

ደጋግሞ የሚገጥመኝን አንድ ብልሽት ልንገራችሁ። አንዱ ጫፍ ያለው መሣሪያ በእጅ 100 ሜጋ ፉል ዱፕሌክስ (ባንዴ መላክም መቀበልም) ተደርጓል፣ ሌላኛው ጫፍ አውቶ (ከማዶው ጋር ተደራድሮ ራሱ የሚመርጥበት) ላይ ቀርቷል። አውቶው ከወዲያ ማዶ የሚደራደረው ሲያጣ ፍጥነቱን ለይቶ ያውቃል፣ ዱፕሌክሱን ግን ማወቅ ስለማይችል ራሱን ሃፍ (በየተራ ብቻ) ያደርጋል። ከዚያ አንዱ እየላከም እየተቀበለም ነው፣ ሌላው ሁለቱን ባንዴ አይችልም፣ ይጋጫሉ። ፒንግ ግን ንጹህ! ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ካሸሮቹ በሙሉ ሲገቡ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚሄድበት ጥቅል) መጥፋት ይጀምራል፣ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ) ይከመራል፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲሳሳ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይስተካከላል። መስመሩን ላስገባው ድርጅት ስልክ ትደውላላችሁ። «ከኛ በኩል ችግር የለም፣ እየመለሰ ነው» ትባላላችሁ። እውነታቸውን ነው፣ እየመለሰ ነው።

«ስፒድ ቴስት አድርገናል» የሚሉም አሉ። እሱም ብዙ አይነግራችሁም። አንድ የቲሲፒ ኮኔክሽን (ፋይል የሚወርድበት ግንኙነት) ዊንዶው፣ ማለትም «ደርሶኛል» ሳይባል መላክ የሚቻለው መጠን፣ 64 ኪሎባይት ላይ ከቆመና ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ መስመሩ 1 ጊጋ እንኳ ቢሆን ከ5 ሜጋ ብዙም አይዘልም። በተቃራኒው ትልቅ ፋይል በፍጥነት ወረደ ማለትም ድምፅና የካርድ ክፍያ ይሠራሉ ማለት አይደለም። እነሱ ትናንሽ ፓኬት ናቸው። 1 ጊጋን በ1518 ባይት ፍሬም (ፓኬቱ የሚታሸግበት) ለመሙላት በሰከንድ 81 ሺህ ገደማ ይበቃል፤ በ64 ባይት ከሆነ ግን ከ1.48 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። ርካሽ ራውተር የመጀመሪያውን በደስታ ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ድሮ ሁሉም የሚጠቀመው አርኤፍሲ 2544 የሚባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ነበር፣ በፈረንጆች የ1999 ነው። የተጻፈው ግን ላብራቶሪ ውስጥ መሣሪያ ለመለካት እንጂ ሰው ለሚገለገልበት መስመር አይደለም፤ በፈረንጆች 2012 የወጣው አርኤፍሲ 6815 ይህንኑ በግልጽ ብሎታል። ለኢተርኔት አገልግሎት የሚሆነው ዋይ.1564 የሚባለው የፈተና ዘዴ ነው፣ አይቲዩ (ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት) በፈረንጆች 2011 ያወጣው። መጀመሪያ እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው፣ ጭነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመራችሁ ቃል የተገባው ፍጥነት ድረስ ታደርሱታላችሁ፣ ከዚያም አልፋችሁ ትልካላችሁ፣ ትርፉን በውሉ መሠረት ይቆርጠዋል ወይ ብላችሁ። ቀጥሎ ድምፁን፣ ዳታውን፣ ቪዲዮውን ሁሉንም ባንዴ ለቃችሁ የጠፋውን ፍሬም፣ መዘግየቱን፣ ጂተሩን (የመዘግየቱን መዋዠቅ) ታያላችሁ። ይህ ሁለተኛው 15 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ወይም 24 ሰዓት ይፈጃል።

እና ሰው ሁሌ የሚለኝ «አሁን እንክፈተው፣ ችግር ካለ በኋላ እናየዋለን» ነው። በኋላ እኮ አይታይም! መስመሩን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መፈተሽ የሚቻለው ደንበኛ ሳይገባበት ነው። ከተከፈተ በኋላ ያንን ፈተና ብትለቁት ቅርንጫፉን ራሳችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው፣ ስለዚህ ሌሊት ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ጥበቃውን ቀስቅሳችሁ፣ ከማዶ ሉፕባክ የሚያደርግላችሁ (የላካችሁትን መልሶ የሚያዞርላችሁ) ሰው ለምናችሁ ነው የምትገቡት።

እኔ አሁን የፈተናው ውጤት ከርክክቡ ወረቀት ጋር ካልተያያዘ አልፈርምም። በዚህ የተነሳ ደረቅ ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። 24 ሰዓቱን የሚፈቅድ አለቃ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ብዙ ተከራክረን፣ ብዙ ሻይ ጠጥተን፣ መጨረሻ ላይ በ2 ሰዓቱ እንታረቃለን። በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።